ከናይሮቢ የመጣው የግራ እጅ ሰላምታ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ወልቂጤ

ወልቂጤ ገና አልነቃችም። መናኸሪያው በር ላይ ሁለት ባጃጆች ቆመዋል፤ አንዲት ሴት ዳቦ የሞላ ቅርጫት ተሸክማ ታልፋለች። እኔ ግን ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ። ጉዞ ካለ እንቅልፍ አይወስደኝም፣ የሥራ ልማድ ነው። ጉልበቴ እምቢ እስኪለኝ ድረስ በዚህ መናኸሪያ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ዕቃ ስጭን ኖሬያለሁ። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም። የማውቀው ማሰር ነው። በጣሪያው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላ ላይ ወጥቼ ያሰርኩት ዕቃ መንገድ ላይ ወደቀ ሲባል ሰምቼ አላውቅም።

የዛሬው ጉዞ የልጅ ልጄ የሜላት ነው። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እናቷ አልማዝ ልጄ ናት፤ ትዳሯም ኑሮዋም ናይሮቢ ነው፤ አሁን ሁለቱ ለዕረፍት መጥተዋል። ሜላት እዚያ አገር ስካውት ናት፤ ልጆች ሜዳ እያደሩ ሙያ የሚማሩበት ማኅበር ነው። አለቃዋ አንድ ወረቀት ሰጥታ ሰደደቻት። ከሌላ አገር ስካውቶች ጋር ድንኳን ተክላ እንድታድር፣ ከአንድ ሽማግሌ የእጅ ሙያ እንድትማር፣ የተማረችውን ደግሞ ሰው ፊት ቆማ እንድታስተምር ነው ወረቀቱ የሚለው። ለማደሩ አረቅጥ ላይ የቡታጅራ ስካውቶች ይጠብቁናል። ሦስቱም ከተፈረመላት እጅጌዋ ላይ የሚሰፋ ምልክት ታገኛለች። ምልክቱ የሚሰፋበትን ቦታ ገና ከናይሮቢ ሳትነሳ በጠመኔ ከብባዋለች። ያን ሸሚዝ አላሳጥብም ብላ እናቷን አስቸግራለች።

«ሽማግሌው ማነው?» አልኳት።

«አንተ ነሃ፣ አባባ!»

«እኔ ምን ሙያ አለኝና?»

«እማዬ ቋጠሮ ታውቃለህ ብላኛለች።»

አልማዝ ሳቋን ደብቃ ወደ ሚኒባሱ ገባች። ሾፌሩ ሸምሱ ድሮ ረዳት ሆኖ ሲሠራ ጀምሮ ያውቀኛል። «ጋሽ ወልዴ፣ ቦታዎ ዛሬም ጣሪያ ላይ ነው?» አለኝ።

«ካንተ አነዳድ ጣሪያው ይሻላል፤ የምወድቅበትን አየዋለሁ።»

«ቢስሚላህ!» አለና አስነሳው።

ሁለት ሰዓት ገደማ፣ አታት

ጉብሬን አልፈን አታት ስንደርስ ፀሐይ እንሰቱ ላይ ወጥታለች። የእንሰቱ ቅጠል ጤዛ ይዞ ያብረቀርቃል፤ ጓሮው ሁሉ ዝናብ የዘነበበት ይመስላል። ወደ አታት ሆስፒታል የሚሄዱ ሰዎች በመንገዱ ዳር ይጓዛሉ፤ አንዱ አባቱን በክንዱ ደግፎ ይዟል። ትንሽ ሻይ ቤት ቁጭ አልን። ሻይ ከቦንቦሊኖ ጋር መጣልን።

ሜላት ከወንበሯ ተነሳችና እጇን ዘረጋችልኝ። «አባባ፣ የስካውት ሰላምታ ላስተምርህ።»

የዘረጋችው ግራዋን ነው።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አስቤበት አይደለም፣ ራሱ ነው የገባው። እኔ ግራኝ ነኝ። ልጅ ሆኜ በግራዬ ስጎርስ እናቴ እጄን በቃጫ ገመድ ከወገቤ ጋር አስራ ታበላኝ ነበር። ክፋት አልነበራትም፤ ሰው ፊት እንዳልዋረድ ነው። በቀኝ መብላት ለመድኩ፣ በቀኝ መጨበጥ ለመድኩ። ሰው ሰላም ስል ግራዬ ዛሬም ኪሴ ውስጥ ነው። አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ግን ማን ያየኛል? እዚያ በግራዬ አስር ነበር።

«ለምን በግራ?» አልኳት።

«የስካውት እንደዚህ ነው።» አማርኛዋ ያንን ያህል ነው የወሰዳት። አላስጨነቅኋትም። በቀኜ ጉንጯን ዳበስኳት፣ ሄድን።

አምስት ሰዓት፣ አረቅጥ

ከአገና በኋላ ብርዱ በመስኮቱ ገባ። ድንች፣ ገብስ፣ ከዚያ ጀፎሮው። ጀፎሮ በመንደሩ መሃል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ ነው፤ ቤቶቹ ግራና ቀኝ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው ቆመዋል። ለቅሶም ሠርግም ሸንጎም እዚያው ነው። ሜላት ጫማዋን አውልቃ ሣሩ ላይ ሮጠች።

ስካውቶቹ ቀድመውን ደርሰዋል። አለቃቸው መምህር ጌታነህ ይባላል፣ አገሩ ጎጃም ነው፣ ቡታጅራ ማስተማር ከጀመረ ቆይቷል። ስምንት ተማሪዎቹን ይዞ መጥቶ አንድ ድንኳን ተክሏል። እኛ ዕቃ ስናወርድ አንዲት ሴትዮ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ደረቷን ይዛ፣ ከላይኛው መንደር እየሮጠች መጣች።

«ማነው የሞተው? ኧረ ማን ሞተብን?»

«ማንም አልሞተም፣ እናቴ! ልጆች ሊያድሩ ነው» አለ ጌታነህ ደንግጦ።

«ድንኳን ተክላችሁ?» ሴትዮዋ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጉድ እኮ ነው! ሩጫዬን መልሱልኛ!»

ሁሉም ሳቀ። ያልሳቁት አቶ ፈርዳ ብቻ ናቸው። የሰፈሩ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው፤ በጀፎሮው ላይ ለማደር ፈቃዱ ከእሳቸው ነው። ጋቢያቸውን ተከናንበው መጡና ቀኝ እጃቸውን ለእንግዳዋ ዘረጉ። ሜላት ቀጥ ብላ ቆመችና ስካውት እንደሆነች ለማሳየት ግራዋን ሰጠቻቸው።

የአቶ ፈርዳ እጅ አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ጋቢው ውስጥ ገባ።

«በግራ ነው የምትሰጠኝ? ንቃኝ ነው?» አሉ እኔን እያዩ። ወደ ጌታነህ ዞሩ። «መምህር፣ ድንኳኑን ንቀሉት። እዚህ አይታደርም።»

አልማዝ ፊቷ ቀልቶ ይቅርታ ልትጠይቅ ቀደመች፤ ሜላት ግን አላስጨረሰቻትም። እንባዋ ቀርቧል፣ ቃሉንም አልማዝ እየሞላችላት ነው። «ጋሼ፣ ንቀት አይደለም። ድሮ ተዋጊ ጋሻ የሚይዘው በግራ ነው። ግራውን ለመስጠት ጋሻውን መሬት ያስቀምጣል። አምንሃለሁ ማለት ነው።»

አቶ ፈርዳ እስክትጨርስ ሰሙ። «ደህና ነገር ነው። ግን የእነሱ አገር ነገር ነው። ከእኛ ሰው በግራው የሚከበር ማን አለ?»

ልጅቷ እጅጌዋ ላይ ያለውን የጠመኔ ክብ በአውራ ጣቷ ታሻለች። ልታጠፋው መሰለኝ። ያኔ ግራ እጄን ከኪሴ አወጣሁ።

«እኔ» አልኩ።

«አንተ ምን?»

«ግራኝ ነኝ። አቶ ፈርዳ፣ ድንችዎን በጆንያ አዲስ አበባ ሲልኩ ወልቂጤ ላይ ማን ነበር የሚጭንልዎ?»

ቀረብ ብለው አዩኝ። «ወልዴ... የመናኸሪያው ወልዴ? አንተ ነህ እንዴ!»

«አንድ ጆንያ ወድቆብዎት ያውቃል?»

«አንድም!»

«በየትኛው እጅ የታሰረ ይመስልዎታል?»

የሮጠችው ሴትዮ ቀድማ ሳቀች። አቶ ፈርዳ እጄን፣ ከዚያ ልጅቷን፣ ከዚያ እንደገና እጄን አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተፈታ።

«አንቺ ልጅ፣ ቅድም ምን ብለሽ ነው የጠራሽኝ?»

«ጋሼ።»

«ጋሻዬ ማለት እኮ ነው። ጋሻሽ ከሆንኩማ በግራሽ ልትይዢኝ ነዋ!» ግራ እጃቸውን ከጋቢው አወጡና ዘረጉላት። «ያዢ!»

ያዘች። ስምንቱ ልጆች ሁለተኛውን ድንኳን ለማምጣት ሮጡ።

ከሰዓት፣ እዚያው

ቋጠሮዬን አስተማርኳት። አቶ ፈርዳ የቃጫ ገመድ ሰጡን። ቋጠሮው የራሱ አጠማዘዝ አለው፤ ሲወጠር ይነክሳል፣ አይላላም፤ ጫፉ አንዴ ሲሳብ ግን ይፈታል። አውቶቡስ አይጠብቅም፤ ጫኝ ፈጥኖ አስሮ ፈጥኖ መፍታት አለበት። ሜላት ደጋግማ ሞከረች። በቀኟ ስለምታጠማዝዘው ቋጠሮው ይገለበጥና ይላላል።

«አባባ፣ አይሆንልኝም።»

«እኔም በቀኜ አይሆንልኝም። በግራሽ ሞክሪ።»

እሑድ፣ ማለዳ፣ አሁንም አረቅጥ

ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል። ከድንኳኑ ስወጣ ሜላት ብርድ ልብስ ተከናንባ አጥር እንጨት ላይ ስታስር አገኘኋት። ቀኝ እጇን ራሷ በስካውት የአንገት ሻርፗ ከወገቧ ጋር አስራዋለች። ደነገጥኩ። እናቴ ትዝ አለችኝ። ግን እየሳቀች ነበር። ገመዱን ሳበችው፣ ነከሰ። ጫፉን ሳበች፣ ተፈታ።

«ያዘ!» ብላ ጮኸች፤ መንደሩ ተነሣ።

አቶ ፈርዳ አንድ ጆንያ ድንች መረቁልን። ድንኳኖቹንና ጆንያውን ጣሪያ ላይ ማን ይሰር? ሜላት ወጣች። እኔ ወጥቼ ላይላት ፈልጌ ነበር፤ ተውኩት። ገብቼ ተቀመጥኩ።

ቁልቁለቱ ክፉ ነው። መኪናው በዘለለ ቁጥር ጆሮዬ ጣሪያው ላይ ነው።

«ጋሽ ወልዴ፣ ቆሜ ልይልዎ?» አለ ሸምሱ በመስታወቱ እያየኝ።

«ንዳ።»

«ኧረ ድንቹ ቢቀርብንስ?»

«ንዳ አልኩህ!» ሜላት ክንዴን ጭብጥ አድርጋ ይዛ አይኗን ጨፍናለች።

ስድስት ሰዓት፣ ቡታጅራ

ቡታጅራ ሞቀችን። ገበያው መግቢያ ላይ ቀይ በርበሬ በየጆንያው አፉን ከፍቶ ይታያል፣ ያስነጥሳል። ሜላት የምታስተምርበት የመምህር ጌታነህ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ የቀሩት ስካውቶች ከወላጆቻቸው ጋር ይጠብቁናል። መኪናው ሲቆም ሸምሱ ቀድሞ ዘለለና ጣሪያውን አየ።

«አልሐምዱሊላህ! ንቅንቅ አላለም!»

ሜላት ፖርቶመጋላው ላይ ቆመች። ሁሉም ቀና ብለው ያዩዋታል። በተሰባበረ አማርኛዋ፣ በግራ እጇ፣ ቀስ እያለች አስረዳች፤ አስራ አሳየች። ሲገባቸው ከታች ያሉት በየገመዳቸው ተከተሏት። «የመናኸሪያ ቋጠሮ ነው የሚባለው» አለች። ስም እንኳ አልነበረውም፣ አሁን ያወጣችለት እሷ ናት። ከዚያ ጫፉን አንዴ ሳበች። ገመዱ ሁሉ እንደ ውሃ ፈሰሰ፣ ግቢው በጭብጨባ ተናጋ። ጌታነህ ወረቀቷን ሸምሱ ጀርባ ላይ ዘርግቶ ሦስቱንም ፈረመላት። አልማዝ መርፌና ክር ከቦርሳዋ አወጣች። ለካ ምልክቱን አለቃዋ አስቀድማ ለእሷ ሰጥታት ኖሯል፤ እዚያው ቆማ የጠመኔው ክብ ላይ ሰፋችው።

ሜላት የአንገት ሻርፗን ፈታችና እኔ አንገት ላይ አሰረችው። ልጆቹ ተሰልፈው አንድ በአንድ ግራቸውን ሰጡኝ። ጨበጥኳቸው። መጨረሻ ላይ ሸምሱ መጣ፣ ቀኙን ዘርግቶ።

«እኔ ስካውት አይደለሁም፣ ጋሽ ወልዴ። ቀኝዎን ያምጡልኝ።»

ቀኝ እጄን ፈለግሁት። ኪሴ ውስጥ ነበር።