የዋጊራ መስታወት

ዋጊራን ሰፈራችን የሚያውቃት በጃሙዋ ነው። ጃሙ ከእርድና ከዝንጅብል የሚጨመቅ መጠጥ ነው፤ ጠርሙሶቹን ቅርጫት ውስጥ ደርድራ፣ በጨርቅ ጀርባዋ ላይ አዝላ ጠዋት ጠዋት በየበሩ ትዞራለች። ከተወለደች ጀምሮ የጉንጯ አጥንት አልወጣም፣ ዓይኖቿ ወደ ታች አዘንብለዋል፣ ጆሮዎቿም ተጨማደው ቀርተዋል። በደንብ ስለማትሰማ ጮክ ብላ ነው የምታወራው።

እኛ የጃቫ ደሴት ሰዎች ጋ እርጉዝ ሴት እንዲህ ያለ ፊት ካየች ሆዷን ዳሰስ አድርጋ "ከልጄ ይራቅ" ትላለች። ክፋት አይደለም፣ ከአፍ ያመልጣል። የዋጊራ ደንበኞች ደግሞ አብዛኞቹ እርጉዞችና አራሶች ናቸው። እሷ ቀድማቸው ትለዋለች። በይ ቶሎ በይና ጠጪ፣ ፊቴ ይራቅ፣ ጉልበቴን ግን ልጅሽ ይውረስ ትላለች። ይስቃሉ፣ ይገዛሉ።

ከዚያ ራሷ አረገዘች። ባሏ ፓይጆ ጡብ ሠሪ ነው፤ ደስታው ልክ አልነበረውም። የጤና ጣቢያዋ ሐኪም ግን ልጁ እናቱን ሊመስልም ላይመስልም ይችላል፣ ግማሽ በግማሽ ነው አለቻቸው። አማቷ ሳሪጀም፣ ሁላችንም ምቦክ፣ እማማ እንደማለት፣ የምንላቸው፣ ይህን ሲሰሙ በዚያው ቀን ቤት ውስጥ ያለውን መስታወት አውርደው በሩዝ ጆንያ ጠቀለሉት። እርጉዝ ማየት ያለባት ቆንጆ ቆንጆ ነገር ነው አሉ። የፓይጆን ሞተር መስታወት ሳይቀር በፌስታል አሰሩት፤ ትራፊክ ቢያስቆመው ምን ብሎ እንደሚያስረዳ ጨንቆት ነበር።

ዋጊራ መቀለዱን ተወች። እርጉዞቹ ሆዳቸውን ሲዳስሱ ቀድታላቸው ትሄዳለች። አንድ ቀን እኛ በር ላይ ቅርጫቷን አውርዳ ብዙ ተቀመጠች። ልጄ እኔን መስሎ ቢወጣ ምን ይውጠኛል አለችኝ። ሌላ ሰው ሲደነግጥ ለምጄዋለሁ፣ እኔ እናቱ ብደነግጥስ? መስታወቱ እያለም ፀጉሬን እንኳ በዳሰሳ ነበር የማበጥረው፣ ፊቴን ካየሁት ስንት ዘመኔ አለች።

ቤቷ ሄዳ መስታወቱን ይመልሱልኝ አለች። ምቦክ ሳሪጀም ተቆጡ፣ አለቀሱም፣ ልጁን ልትጎጂው ነው አሉ።

"ምቦክ፣ ልጁ የሚመጣው ከዚህ ፊት ነው" አለቻቸው። "ሲመጣ እንግዳ እንዳይሆንብኝ ልልመደው።"

መስታወቱ ተመለሰ። ሥራ ስትጨርስ ፊት ለፊቱ ትቀመጣለች። መጀመሪያ ቶሎ ትነሳ ነበር፤ እየቆየች ዓይኗን፣ አገጯን፣ የጆሮዋን ጥቅልል በጣቷ እየተከተለች ታይ ጀመር። ምቦክ በር ላይ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆሙ ነበር። ኋላ ፀጉርሽን ልሥራልሽ ብለው ከኋላዋ ተቀመጡ፤ ሁለቱም መስታወቱ ውስጥ ገቡ።

ሴት ልጅ ወለደች። እኔ ሙቅ ውሃ እያቀበልኩ ነበር። አዋላጇ ሕፃኗን ጠቀለለችና ፊቷን እንዳናይ ወደ ግድግዳው አዙራ ያዘቻት። ሁላችንም ነገሩ ገባን። ዋጊራ እጇን ዘረጋች።

"ስጡኝ" አለች። "አውቃታለሁ።"

ምቦክ ሳሪጀም ቀድመው ጎንበስ ብለው አዩዋት። ከዚያ ሕፃኗን ተቀብለው እናቷ ደረት ላይ አስቀመጡና ወደ አዋላጇ ዞረው፣

"ርቧታል እኮ፣ አፏን አታዪም እንዴ?" አሏት።