ወንድሜ ታክሲ ሲገባ

ወንድሜ ታክሲ ሲገባ ተሳፋሪውን አንድ በአንድ ሳይጨብጥ አይቀመጥም። ከኋላ ወንበር ይጀምራል። ጎንበስ ብሎ፣ ኮፍያውን በግራ እጁ ይዞ «እንዴት አደሩ?» ይላል፤ መልስ ካጣ በኦሮምኛ «አካም ቡልተን?» ብሎ ይሞክራል። ስልኩ ላይ ያፈጠጠውንም ቀና እስኪል ይጠብቀዋል። ስድሳን ካለፈ ቆይቷል፤ ጸጉሩ ከኔ ቀድሞ ነው የነጣው። ዛሬ ሐኪሞች «የአእምሮ እድገት ውስንነት» ይሉታል። በልጅነታችን ሰፈሩ ይለው የነበረውን እዚህ አልጽፍም። ያሉት ሰዎች ያውቁታል፤ ጥቂቶቹ ዛሬም በሕይወት አሉ።

መጨበጡን ያስተማረው አባታችን ነው። ትምህርት ቤት አንቀበልም ሲሉት «እንግዲያው እኔ አስተምረዋለሁ» አለና፣ ሰው ያለበት ቤት ሲገባ ሁሉንም ሰላም ሳይል እንዳይቀመጥ አስለመደው። ለወንድሜ ሚኒባስ ቤት ነው፤ በር አለው፣ ሰው ተቀምጦበታል። ስህተቱ ይኸው ነው፤ ስህተት ከተባለ።

ታላቅ እህታችን ቡራዩ ናት። አባታችን ከሞተ በኋላ ወንድሜ እሷ ዘንድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ፣ እየዞረ እንዳይጨብጥባት ሰርቪስ ቤት አስገብታ ትቆልፍበት ነበር። አንድ ቀን ሄጄ ወደ ሰበታ ይዤው መጣሁ። በሩን እንዴት እንዳስከፈትኩት ለማንም አልተናገርኩም፤ አሁንም አልናገርም።

ማክሰኞና ሐሙስ ዓለም ገና ይሄዳል። እዚያ እንደሱ ያሉ ትልልቅ ሰዎች የሚውሉበት፣ አትክልት የሚተክሉበት ግቢ አለ። የራሱ የጎመን መደብ አለው። በእግሩ እንዳይሄድ ጉልበቱ አይችልም፤ ያለ ታክሲ አይሆንም።

ክረምቱ ሲወጣ፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት ተራ አስከባሪው ክንዱን በሩ ላይ ጋረደብን።

«ማዘር፣ ፋዘር አይገቡም።»

«ለምን?»

«ሰላምታቸው አያልቅማ! ባለፈው እሳቸውን ስንጠብቅ ትራፊክ መጥቶ ሹፌሩን ቀጣው። ሠራተኛውም ፋብሪካ ይረፍድበታል። ወይ ኮንትራት ይያዙላቸው፣ ወይ ቤት ያስቀምጧቸው።»

ከሰልፉ አንዱ «ሰርግ ቤት መስሏቸው ነው» አለ። ተሳቀ።

ቤት ያስቀምጧቸው። ይህን ቃል ስሰማ ነው ያረጀሁት። ከእህቴ ሰምቼዋለሁ፣ ከቄሱ ሰምቼዋለሁ፣ ሊያገባኝ ከመጣ ሰውም ሰምቼዋለሁ፤ ስለዚያኛው ከዚህ በላይ አልልም።

ተመለስን። ወንድሜ ኮፍያውን ሳያወልቅ እስኪመሽ ደጃፍ ላይ ተቀመጠ። «እትዬ፣ ጎመኔ» አለኝ። ሐሙስም እንደዚያው ሆነ። የግቢው ኃላፊ ደወለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ግን ቦታ የሚጠብቁ ብዙ ናቸው። በሚመጣው ሳምንትም ከቀረ መደቡን ለሌላ ሰው ልትሰጥ ነው።

ጎረቤቶቼ ምክር አላጡም። «መጨባበጡን እንዲተው አድርጊው» አሉኝ። ሌላውን ትምህርት ሁሉ ከልክለውት፣ የያዘውን አንዱን ደግሞ እኔ ልንጠቀው? አላደርገውም። ሰላም መባል የሚያስቸግረው ሰው እሱ ራሱ ይታረም።

ቡራዩም ወሬው ደርሷል። እህቴ ደወለች።

«ታክሲ ተራ ላይ ተሟገትሽ አሉ። ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ይበል።»

«እሱ እኮ ቤት ቢሆን ይሻለዋል።»

«ያንን ቤት አውቀዋለሁ። የሚቆለፈው ከውጭ ነበር።»

ስልኩን የዘጋችው እሷ ናት። ይህ ይታወቅልኝ።

ማክሰኞ ማልደን ወጣን። መኪና አልነበረም፤ ሰልፉ ግን እስከ ዳቦ ቤቱ ደርሶ ነበር። ቆሜ ሳየው ነገሩ ገባኝ። ታክሲው ውስጥ የሚቀመጠው ሰው እዚሁ የቆመው ሰው ነው።

«እዚሁ ጨብጣቸው» አልኩት።

«ቤት ነው?»

«ቤት ነው። ጣሪያ የለውም እንጂ።»

ከጭራው ጀመረ። ወደ ፊት እያለፈ ሲሄድ ጫጫታ ተነሳ።

«ኧረ ሰልፍ! ሰልፍ!»

«እንዴ፣ ሽማግሌ ሆነው ያቋርጣሉ?»

«ሰላም ሊላችሁ ነው እንጂ ሊቀድማችሁ አይደለም!» ብዬ ጮህኩ። «እጅ ስጡ!»

ጋቢ የለበሱ አንድ አዛውንት በኦሮምኛ «ፈያ፣ ፈያ»፣ ደህና፣ ደህና እያሉ በሁለት እጃቸው ጨበጡት። ከዚያ ሌላውም ሰጠ። ያ «ሰርግ ቤት» ያለው ሰውዬም ነበር፤ እጁን ኪሱ ከተተ። ወንድሜ ፊቱ ቆሞ ጠበቀው። ሰው ሁሉ አየ። እጁ ከኪስ ወጣ።

ሚኒባሱ መጣ። ተራችን ሲደርስ ወንድሜ ውስጡን ተመለከተ፤ ሁሉንም ጨብጧቸዋል። አንድ እግሩን አስገባና መልሶ አወጣው። በሩን ይዞ የቆመው ተራ አስከባሪ አልተጨበጠም። እጁን ዘረጋለት።

«ፋዘር፣ ይግቡ! ይግቡ!»

ወንድሜ ንቅንቅ አላለም። ሹፌሩ ክላክስ አደረገ። ከውስጥ አንዲት ሴት «አንተ ተራ አስከባሪ፣ ጨብጣቸውና እንሂድበት!» አለች።

«ትራፊክ ቢመጣ መኪናውን ያዘገየኸው አንተ ነህ» አልኩት። «እሱ እጁን ዘርግቷል።»

ጨበጠው። ወንድሜም ገብቶ ተቀመጠ፣ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

ጎመኑ ጠውልጎ ቆየን እንጂ አልሞተም። ውኃ ሲያጠጣው ቆሜ አየሁና ወጣሁ።

ዛሬም አዲስ ተራ አስከባሪ ሲመጣ ክርክሩ እንደ አዲስ ይጀመራል። አልደከመኝም። «ቤት ያስቀምጡት» የሚል ካለ፣ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰልፉ ላይ ያገኘኛል። ከኔ ጋር ከመሟገቱ በፊት ግን ወንድሜን ይጨብጥ።