ደበሎ የሌለው ተማሪ

በጃንሆይ ጊዜ ጎንደር የጤና ኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ በየቤቱ እየዞርኩ ንጽሕና እንዳስተምር ኮሶዬ ተላክሁ። የእማማ ስንዱ ደጃፍ ቆሜ፣ «ከጎንደር የመጣሁ ተማሪ ነኝ» አልኩ።

ውሻቸውን አስረው እንጀራ ይዘውልኝ ወጡ። ለካ የቆሎ ተማሪ መስያቸዋለሁ!

«እማማ፣ ለዚህ አይደለም የመጣሁት።»

«በል ተቀበል! ምነው፣ ደበሎህን ምን በላው? ‹በእንተ ስማ ለማርያም› እንኳ አትልም?»

ስለ እጅ መታጠብ ላስተምር ስጀምር፣ «ቆይ ቆይ» ብለው እጄን አስታጠቡኝ። ምን ላድርግ? በላሁ።

በሳምንቱ ውጤቴን የሚሰጡት መምህር በማኪና መጡ። «ይህ ልጅ እንዴት ነው?» ብለው እማማን ጠየቁ።

እማማ እጅ ነሡና፣ «የኔታ፣ ልጁስ ሸጋ ነው» አሉ። «ልመና ግን ገና አልገባውም፤ ያስጠኑት።»