እትዬ ቬላ በቀትር የለኩት ጥላ

እትዬ ቬላን የሚያውቅ ሁሉ ስለ ምላሳቸው ነው የሚያወራው። በሜዳችን መግቢያ ባለችው የቆርቆሮ ዳስ ተቀምጠው ትኬት ይቆርጣሉ፤ ከትኬቱ ጋር ስድብ ይመርቃሉ። አንዴ የእንግዳውን ቡድን አሰልጣኝ «ለሆድህ ሌላ ትኬት ትቆርጣለህ፣ ብቻውን ወንበር ይይዛል!» ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማሊያችንን የሚያጥቡት እሳቸው፤ ዳኛ ሲበድለን መስመር ድረስ ወጥተው የሚራገሙትም እሳቸው። ባላቸው በወጣትነቱ ሞቶ የቀራቸው አንድ ልጅ ነበር፣ ሎዛን። የቡድናችን አጥቂ ነው። እኔ ጸኮ ደግሞ የግራ ተከላካይ ነበርኩ፤ የቡድኑን አሮጌ ሚኒባስ የምነዳውም እኔው። ስለዚህ የምነግራችሁን ከሰው አልሰማሁትም።

የዚያን ዓመት በጋ ሰው ሁሉ ወደ ስፔን ይነጉድ ነበር። በመንደራችን በዶልና ቨርባ፣ ሰው ሲሞት በየበሩ ላይ የሚለጠፈው ማስታወቂያ ከነዋሪው በልጦ ነበር እላችኋለሁ። ሎዛንም ለእናቱ ነገራቸው፦ «እማ፣ ወይኑ ከተለቀመ በኋላ እሄዳለሁ። ሳራጎሳ የግንባታ ሥራ ተገኝቶልኛል።» እትዬ ቬላ መሳደብ አቆሙ። የፈራነው ያኔ ነው።

በዚያው ሰሞን የመልበሻ ክፍላችን የጀርባ ግድግዳ ተደረመሰ። የአውራጃው ሊግ፣ መልበሻ ክፍል የሌለው ቡድን በሜዳው አይጫወትም አለ። ግንበኛውን ጋሽ ፐርቫንን ጠራን። እኛ አገር ስለ ግንበኛ የሚወራውን ሁሉም ያውቃል፦ ግድግዳ አልቆም ካለ የአንድ ሰው ጥላ በክር ይለካል፤ ክሩ መሠረቱ ውስጥ ይቀበራል። ጥላው የተወሰደበት ሰው ብዙ ሳይቆይ ይሞታል፤ ጥላው ግን የቤቱ ጠባቂ ሆኖ ይቀራል፣ ከዚያ ንቅንቅ አይልም። ልጆች ሳለን ቤት በሚሠራበት በኩል እንዳናልፍ እናቶቻችን በወንዙ ያዞሩን ነበር። ጋሽ ፐርቫን «ድሮ ነው፣ ሲሚንቶ ሳይመጣ» እያሉ ይምላሉ።

እትዬ ቬላ ከዚህ ሁሉ የያዙት «ንቅንቅ አይልም» የሚለውን ብቻ ነው። በኋላ ራሳቸው ነገሩኝ። ሎዛን ግቢ ውስጥ ቆሞ ራሱን ሲታጠብ፣ ዓይኑ ውስጥ ሳሙና ገብቶ ሳለ፣ በአንድ እጃቸው ውኃ እያፈሰሱ በሌላው ቀይ ክር ዘርግተው ጥላውን ለኩት። ጋሽ ፐርቫን ምሳ ሲሄዱላቸው ክሩን ያልደረቀው ሲሚንቶ ውስጥ ወተፉት።

«ሙሉ ጥላውን የሰጠ ነው የሚሞት» አሉኝ። «እኔ የቀትሩን ነው የለካሁት። ሁለት ክንድ አይሞላም። ሁለት ክንድ ሰው ይገድላል? ይይዛል እንጂ!»

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። የመጀመሪያው የሜዳችን ጨዋታ ወደ ማታ ላይ ነበር፤ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ የሁላችንም ጥላ እስከ መስመሩ ተንጋሏል። የሎዛን ግን አጭር ነበረች። እንደ ቀትር እግሩ ሥር ኩርምት ብላለች። ፀሐይ አናቴን መታችኝ ብዬ ፊቴን ታጠብኩ፤ ያው ነው። እሱን የሚይዘው የእንግዳው ተከላካይ አማተበና ወደ እኔ መጣ።

«ስማ፣ ያ ልጃችሁ ምንድን ነው?»

«አጥቂ ነዋ።»

«አጥቂነቱንማ አየሁ! ሌላውን ነው የጠየቅኩህ። እኔ ልሙት አጠገቡ አልደርስም!»

አልደረሰም። ማንም አልደረሰም። ሎዛን ብቻውን እየሮጠ ሦስት ጎል አገባ።

ከሜዳችን ውጭ ስንጫወት ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ሚኒባሱ ከመንደሩ መውጫው ድልድይ ላይ ሲደርስ ሎዛን አመድ መሰለ፤ እያስመለሰው «አውርደኝ ጸኮ፣ እግሬን አጣሁት» አለ። አወረድኩት። ወደ መንደር በተራመደ ቁጥር ደም ወደ ፊቱ ሲመለስ በመስታወቱ አየሁ። እንዲህ ሆነና የመጀመሪያውን ዙር ሙሉ በሜዳችን እናሸንፋለን፣ ከሜዳ ውጭ አቻ ከወጣን በዓል ነው። ደግነቱ የአውራጃው ቡድን ሁሉ እርስ በርሱ እየተሸናነፈ እኛን ከላይ አስቀመጠን። መንደሩ ሰከረ። ዕድሜ ልካችንን ከዚያች ሊግ ወጥተን አናውቅም።

ለቡድኑ ሲል ጉዞውን ያራዘመው ሎዛን በረዶው ወርዶ ውድድሩ ሲቋረጥ ሻንጣውን ያዘ። ወደ ስፔን አውቶቡስ ላድርሰው ብዬ ተነሣሁ፤ ድልድዩ ላይ ያው ሆነ። በእግሩ ሞከረ። «መሻገሬን አስታውሳለሁ» አለኝ፣ «ከዚያ ሳላውቀው ፊቴ ወደ መንደሩ ነው።» ከዚያ ወዲያ መሞከሩን ተወ፤ ቀስ በቀስ ማውራቱንም ተወ። ቀኑን ሙሉ መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ጀርባውን ለዚያ ግድግዳ ሰጥቶ ይቀመጥ ጀመር።

«ኧረ ተው፣ ብርዱ ይገድልሃል» ስለው፣

«እዚህ ነው የሚሞቀኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ከአፉ ቃል አልሰማሁም።

እትዬ ቬላ መጀመሪያ ደስታውን አልቻሉትም። ባቄላውን በድስት ይዘው ይሄዱለታል፤ «ልጄ ቀረልኝ!» ይላሉ ለአላፊ አግዳሚው። ድስቱ ግን እንደ ሙሉነቱ ይመለሳል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሎዛንን ቤት አልጋው ላይ ትተው ማሊያ ሊያመጡ መልበሻ ክፍሉን ከፈቱ። ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ግን የተቀመጠ ሰው ጥላ አለ። ሲያያቸው ተነሣ።

ማሊያውን ጥለው እኔ ቤት ሮጡ፤ የክሩን ነገር የነገሩኝ ያኔ ነው። አብረን ጋሽ ፐርቫን ዘንድ ሄድን። ሽማግሌው ሰምተው ሲጨርሱ የቀዱትን አረቄ ሳይጠጡት አስቀመጡ።

«ምን አደረግሽ አንቺ ሴት! ጥላ ሽንኩርት መሰለሽ፣ ከፊሉን ከትፈሽ ከፊሉን የምታስቀምጪው? ጫፉን ከያዝሽው ሌላው እየተሳበ ይመጣል።»

«ሲያልቅስ?» አሉ እትዬ ቬላ።

«ሲያልቅማ ልጁም ያልቃል። ግድግዳው ይፍረስ፣ ክሩ ይውጣ።»

ግድግዳው ይፍረስ ማለት ቀላል ነው! እትዬ ቬላ የክለቡን ሰዎች ለመኑ። ጸደይ ገብቶ የሁለተኛው ዙር ጨዋታ ተጀምሮ ነበር፤ መልበሻ ክፍሉ ከፈረሰ በሜዳችን መጫወት የለም። «ትንሽ ነው የቀረው እትዬ ቬላ፣ ካደግን በኋላ እናፈርሰዋለን» አሏቸው። እሳቸው ግን በየሳምንቱ የሎዛንን ጥላ እያዩ ነበር። ክንድ ነበረች፣ ስንዝር ሆነች። ለመጨረሻው ጨዋታ ሜዳ ሲገባ ከጫማው ሥር የምትታይ ጥቁር ክር ያህል ብቻ ቀርታለች። ማሊያው ማንጠልጠያ ላይ የተሰቀለ ይመስል ነበር።

ካሸነፍን እናድጋለን። አንድ ለአንድ ሆነን ሊያልቅ ሲል ኳሷ ሎዛን ጋ ደረሰች። ግብ ጠባቂው እንኳ ወደ ጎን ሸሸለት። ያኔ ከመልበሻ ክፍሉ «ዱም!» የሚል ድምፅ መጣ። ሎዛን በግንባሩ ተደፋ። ኳሷ እየተንከባለለች ወጣች።

እትዬ ቬላ የጋሽ ፐርቫንን ዶማ ይዘው በሩን ከውስጥ ቀርቅረዋል። መንደሩ ሁሉ በሩን ይደበድባል፦ «ውጪ አንቺ ጠንቋይ! ወራዳ!» እሳቸውም ከውስጥ፣ «ሂዱና ኳሳችሁን ላሱ!» ይላሉ። ዱም። ዱም። ግድግዳው ሲናድ አቧራው እስከ መሐል ሜዳ ደረሰ። ደጋፊው ሜዳ ገብቶ ስለነበር ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ፤ በፎርፌ ተሸነፍን።

ሎዛን ቀና አለ። ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ዙሪያውን አየና፣ «እማ፣ ራበኝ» አለ። እኔ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ክሩ ግን ሙሉውን አልወጣም። ተበጠሰ። እትዬ ቬላ ፍርስራሹን በጥፍራቸው እየፈረፈሩ እስኪደሙ ፈለጉት፤ ከፊሉ ሲሚንቶው ውስጥ ቀረ። ጋሽ ፐርቫን ቁራጩን አይተው፣ «አይሞትም፤ መሄዱንስ ይሄዳል» አሉ። 

ሄደ። እኔው ነኝ በድልድዩ ያሻገርኩት። ቡድናችን በቀጣዩ ዓመት ሰው አጥቶ ፈረሰ። መንደሩ ለእትዬ ቬላ ሰላምታ ነሳቸው፤ እሳቸውም፣ «ልጄ ራበኝ ሲል ሰምቻለሁ፣ የእናንተ ሰላምታ ለምኔ!» ብለው በራቸውን ዘጉ።

ባለፈው በጋ ሥራ ፍለጋ ሳራጎሳ ሄጄ አገኘሁት። ወፍሯል፣ አግብቷል፣ ይስቃል። ከሚሠራበት ሕንፃ ፊት ለፊት በጠራራ ፀሐይ ተቃቀፍን። ከዚያ ዓይኔ ወደ ታች ሄደ። አጠገባችን የቆመው ጋሪ ጥላ አለ፣ የእኔ ጥላ አለ። እሱ የቆመበት ነጩ ሲሚንቶ ባዶ ነው።

ማየቴን አየ። «እዚህ ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ወደ ታች የሚያይ የለም» አለኝ። «ለእማ እንዳትነግራት። ለፋሲካ እመጣለሁ፣ ናፍቃኛለች።»

ስመለስ እትዬ ቬላ ዶሮዎቻቸውን ሲመግቡ ደረስኩ።

«አየኸው?»

«አየሁት፣ ወፍሯል። ለፋሲካ ይመጣል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን?»

«አትቀልድብኝ ጸኮ።»

«አለው እትዬ ቬላ» አልኩ። «ረጅም የተዘረጋ ጥላ አለው።»

 «አንተ እኮ ኳስ በእግርህ መሐል አልፋ እንኳ አላለፈችኝም ብለህ የምትዋሽ ነህ» አሉ። የቀረውን እህል ለዶሮዎቹ በተኑና እጃቸውን በሽርጣቸው ጠረጉ። «ደውልለት። እንዳይመጣ ንገረው።»

«እትዬ ቬላ!»

«እናትህ አልፈልገውም ብላለች በለው። እዚያ እግሩን የሚያይ የለም። እዚህ ያዩታል፣ ይህ መንደር ደግሞ ከግድግዳው የባሰ ነው።»

ስልኬን አውጥቼ እዚያው ቆሜ ደወልኩለት፤ እሳቸው ድምፁን ለመስማት ጆሯቸውን አስጠግተው ነበር።