የቁርስ ቀኖና

ከደብረ ታቦር ሰው ትእዛዝን የማያውቅ ካለ፣ የተሰፋ ልብስ ገዝቶ የሚለብስ ብቻ ነው። የእሷ ስፌት ቤትና የእኔ ክርና ቁልፍ መሸጫ በአንድ ሳንቃ ይለያያሉ፤ ስታስነጥስ «ይማርሽ» የምላት እኔ ነኝ። እሌኒ እባላለሁ። ስለ ሰው ማውራት እንደምወድ አልክድም፤ ይህን ግን የማወራው እሷው ራሷ «እንደኔ ያለች እናት ትስማው» ብላ ስለፈቀደችልኝ ነው።

ትእዛዝ የጉና ልጅ ናት። ብርዱን መቻልም ግትርነቱንም ከዚያው ይዛ ወርዳለች። ባሏ ሐሙሲት ከተማ ሌላ ትዳር መያዙን የሰማች ቀን አላለቀሰችም፤ የጀመረችውን ሱሪ ጨርሳ፣ ተኩሳ፣ አጥፋ አስቀምጣ ነው ወደ ቤቷ የሄደችው። አንድ ልጅ አለቻት፣ ሊድያ። ቀጭን ናት፣ አፏ ስለታም ነው፣ ዘንድሮ አሥራ አንደኛ ክፍል ገብታለች።

ሊድያ ከሁለት ዓመት በፊት ታመመች። መጀመሪያ በሽታም አይመስልም ነበር። እንቅልፍ ተወች። ጫማዋን አውልቃ ለማታውቀው ሰው ትሰጣለች፤ መናኸሪያ ቆማ ለባጃጅ ነጂዎች ስለ ዓለም መጨረሻ ታስተምራለች፤ እነሱም ይስቁባታል። ከዚያ ደግሞ ወደቀች። ወር ሙሉ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። ጠበሉም ተሞከረ፣ ጸሎቱም ተደረሰ። በመጨረሻ ሕክምና ወሰድናት። የአእምሮ ሕክምና ነርሱ ተስፋነህ በትዕግሥት አስረዳን። «ባይፖላር ይባላል፤ ሰውን አንዴ ከልክ በላይ ከፍ፣ አንዴ ከልክ በላይ ዝቅ ያደርጋል። በመድኃኒት ይያዛል» አለ። ቀጥሎም ከቤተሰብ እንዲህ የሆነ ሰው እንዳለ ጠየቀ።

ትእዛዝ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። 

«እኔ» አለች።

እኛ ሰፈር «የጉና ብርድ መቷት ነው» እየተባለ የታለፈው ሁሉ፣ ክረምቱን ሙሉ ከአልጋ አለመውረዷ፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ የሠርጓን ቀሚስ ቆራርጣ ለጎረቤት ሕፃናት ልብስ መስፋቷ፣ ለካ ስም ነበረው። እናትና ልጅ በአንድ ቀን ሁለት የመድኃኒት ከረጢት ይዘው ወጡ።

ሊድያ ግን አልውጥም አለች። «እብድ ናት ሊሉኝ ነው።»

እናቷ የራሷን ኪኒን አውጥታ መዳፏን ዘረጋችላት። «እንግዲያው ሁለት እብድ ነና።»

ሊድያ መዳፏን አየት አደረገችና «አንች ከዋጥሽ እውጣለሁ» አለች።

ውላቸው ይህ ሆነ። በየጧቱ ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ በሩን ገርበብ አድርገው፣ ዳቦ በሻይ ይበላሉ፤ ኪኒኑ በባዶ ሆድ ያቅለሸልሻላ። ከዚያ እናት ትውጣለች፣ ልጅ ትከተላለች፣ ከዚያ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። ማታም ቤታቸው እንዲሁ ነው። «ዋጥሽ?» «ዋጥኩ» ሲባባሉ ከሳንቃው ወዲህ ስሰማ ቀኔ የተባረከ ይመስለኛል። ልጅቱ ተረጋጋች። አሥረኛ ክፍልንም በጥሩ ውጤት ጨረሰች።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ትእዛዝ ንስሐ አባቷ ቄስ በላይነህ ዘንድ ሄዳ ለሊድያ አስፈቀደች። «ታማሚ ናት፤ በልታ ትዋጥ» አሉ። ለራሷ ግን አልጠየቀችም። ስለት ነበረባት። ልጇ በተኛችበት በዚያ ወር ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቆማ «ይችን ልጅ አንሥተህ አሥረኛ ክፍልን ካስጨረስክልኝ፣ የሚቀጥለውን ሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳልቀምስ እጾማለሁ» ብላ ተስላ ነበር። ይህን ለማንም አልተናገረችም። ለሊድያ «እኔ ኪዳን አድርሼ ሱቅ ስገባ እበላለሁ፤ አንች ቤት በልተሽ ሂጅ» አለቻት። ልጅቱ አመነች። እናቷ ዋሽታት አታውቅማ።

ጾሙ ሲጋመስ ትእዛዝ ሌላ ሰው ሆነች። ማሽኗ ከሁላችን ቀድሞ ይጀምራል፤ ሁላችን ዘግተን ስንሄድም አይቆምም። ለፋሲካ የመጣውን ጨርቅ ሁሉ ትቀበላለች፣ ንግግሯ ከማሽኑ ይፈጥናል፣ የጀመረችውን ወሬ ሳትጨርስ ሌላ ትጀምራለች። አንድ እሁድ ደግሞ ጉባኤ መካከል ተነሥታ ለሰንበት ተማሪዎች በሙሉ የመዘምራን ቀሚስ በነጻ እሰፋለሁ ብላ ቃል ገባች። እልል ተባለላት። «የጾም በረከት ነው፤ ጾም ሥጋን አድክሞ መንፈስን ያነቃል» አሉ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ ሴት በክረምት እንቅልፍ ካጣች ታማለች፣ በሁዳዴ እንቅልፍ ካጣች ግን ጸድቃለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ሊድያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የዩኒፎርሟ ቁልፍ ወልቆ ነበር። እኔም ክር ይዤ እዚያው ነበርኩ። እናቷ ማሽኗ ላይ እንዳለች «ከጣሳው ፈልጊ» አለቻት። ሊድያ የቁልፍ ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። ከነጫጭ ቁልፎቹ መካከል ቀዳዳ የሌላቸው አሉ። አንዱን አነሣች፣ አገላብጣ አየችው። ለእሷም የሚሰጣት እሱው ነው፤ እንዴት አታውቀው?

«እማ፣ መድኃኒት አቁመሻል?»

«ኧረ አላቆምኩም!» አለች ትእዛዝ ማሽኑን ሳታቆም። «የማታውን እውጣለሁ። ቅዳሜና እሁድ ጧት ስለሚበላ የጧቱንም እውጣለሁ። የሌላው ቀን የጧቱ ብቻ እንደኔው እየጾመ ነው። ለፋሲካ ይፈታል።»

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሊድያ ግን አልሳቀችም። «ለምን?» አለች። ትእዛዝም ያኔ ስለቱን ነገረቻት፣ ደስ እንዲላት ብላ።

በማግስቱ ጧት ሊድያ ስፌት ቤቱ መጥታ የራሷን ኪኒን ጣሳው ውስጥ ጣል አደረገችው።

«ምን ሁነሽ ነው?» አለች እናቷ።

«እኔም ስለት አለብኝ።»

«የምን ስለት?»

«አንች እንድትድኚልኝ።»

ትእዛዝ መቀሷን ወረወረች። ተሳደበች፣ ለመነች፣ ዳቦ ልታጎርሳት ታገለች። ሊድያ አፏን ገጥማ ወደ ትምህርት ቤት ሄደች። በነጋታውም እንዲሁ ሆነ። ያኔ ነው እኔን ፍርሃት የያዘኝ። እናቲቱ ከፍ ከፍ እያለች ነው፤ ልጅቱም ከተከተለቻት ማን ማንን ይይዛል?

«ይሄን ስለት ተይው እንጂ፣ አንች ሴት!» ብዬ ጮኽኩባት።

«ባፈርሰውስ?» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል። «ልጄን መልሶ ቢወስድብኝስ?»

ለካ ግትርነት አልነበረም፣ ፍርሃት ኖሯል። እኔም ቁጣዬን ትቼ አብሬያት አለቀስኩ።

ቄስ በላይነህን ጠርታ ያመጣች ሊድያ ናት። ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች እያልን እንስቃለን፤ ይችኛዋ ግን የምሯን አስተማረች። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው። ቀስ ብለው ገቡ፣ መስቀል አሳለሙን፣ በርጩማው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙ።

«ለምን ለራስሽም አልጠየቅሽኝም?» አሏት።

«እኔማ ደኅና ነኝ፣ አባቴ።»

«ደኅና ነሽ?» የጨርቁን ክምር ዞር ብለው አዩት። «ይህን ሁሉ ቀሚስ የምትሰፊው ለስንት ደብር ነው?»

ትእዛዝ አንገቷን ደፋች። «ስለቴን ባፈርስ ልጄን ይወስድብኛል ብዬ ነው። አንቱ ልጅ አልታመመብዎትም።»

«እውነትሽን ነው፣ አልታመመብኝም። ግን እግዜር ልጅቱን አድኖ በምትኳ እናቷን ይቀማታል? እንዲህ ያለ ገበያ እሱ ዘንድ የለም።» ከዚያ ተነሥተው መስቀላቸውን ራሷ ላይ አደረጉ። «ስለትሽ ወደኔ ይዙር። እስከ ዘጠኝ የምጾመውን እስከ አሥራ አንድ አደርገዋለሁ። አንች ደግሞ ሳታማክሪኝ ስለተሳልሽው ቀኖና አለብሽ።»

ትእዛዝ ተንበረከከች። ስግደት ይጨምሩብኛል ብላ ነው የጠበቀችው፤ ቀኖና ሌላ ምን ይሆናል?

«እስከ ትንሣኤ በየጧቱ ከልጅሽ ጋር ቁርስ ትበያለሽ። ያን ኪኒን ትውጫለሽ። በርሽንም ወለል አድርገሽ ከፍተሽ።»

«በሁዳዴ? ሰው እያየኝ?»

«ሰው እያየሽ። ስግደት ቢሆን ይቀልሽ እንደነበር አውቃለሁ።»

ዕለቱን ተስፋነህ ዘንድ ወሰድኳት። ያመለጣትን ደራርባ እንዳትውጥ አስጠነቀቃት፤ በየሳምንቱ እየመጣች እንድትታይም ነገራት።

በማግስቱ ጧት የስፌት ቤቱ በር ሁለቱም መዝጊያ ተከፈተ። ትእዛዝ ዳቦውን ታነሣለች፣ መንገዱን ታያለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ልጇ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ኪኒኗን መዳፏ ላይ ይዛ ትጠብቃለች። ትእዛዝ ጨክና ጎረሰች፣ ዋጠች፤ ሊድያም ተከተለች። ይሄኔ የመዘምራኑን ቀሚስ ልትጠይቅ የመጣች ሴትዮ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች።

«ትእዛዝ! በሁዳዴ ጧት?»

ትእዛዝ ጉንጯን እንደሞላች «ቀኖናዬን እየፈጸምኩ ነው» አለቻት። ሊድያ ሻዩ ትን እስኪላት ሳቀች።

ነገሩ በሳቅ ቢያልቅ ደግ ነበር። ትእዛዝ ግን ከወጣችበት ስትወርድ እንደልማዷ እስከ ታች ወረደች። ሆሳዕና ሲቃረብ አንድ ጧት ሱቁ ሳይከፈት ቀረ። የመዘምራኑ ቀሚስ እንደሁ ገና ግማሹ ጨርቅ ነው፤ «በየነጠላችሁ ዘምሩ» ብዬ የመለስኳቸው እኔ ነኝ። ቤቷ ስሄድ ብርድ ልብሱን እስከ አናቷ ስባ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ሊድያ ዩኒፎርሟን ለብሳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ ዳቦ፣ ሻይና ሁለት ኪኒን አለ።

«እማ፣ ቀኖናሽ ነው።»

«ዛሬ አልችልም፣ ልጄ።»

«ተኝተሽ ብይ። አባ ቁጭ ብለሽ ብይ አላሉሽም።»

 ሊድያ አልተቆጣችም፣ አላለቀሰችምም። ከዳቦው ትንሽ ቆርሳ፣ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እናቷን አጎረሰቻት። ትእዛዝ ፊቷን ሳታዞር ቀስ ብላ አኘከች። ከዚያ ሊድያ ጠበቀች። ትምህርት ቤት የምትገባበት ሰዓት አለፈ፤ እኔም ሱቄን ረስቼ ቆሜያለሁ።

«አንች ከዋጥሽ እውጣለሁ» አለች በመጨረሻ።

ብርድ ልብሱ ተንቀሳቀሰ። ትእዛዝ ፊቷን ከግድግዳው አላነሣችም፤ እጇን ብቻ ወደ ኋላ ልካ መዳፏን ዘረጋች።