ዳገቱና ዙሪያው መንገድ

ደሳለ ከብልባላ በታች ባለ የገጠር ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። ማስተማር ከጀመረ ዐሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ምሳሌ የሚያመጣው ከሰፈሩ ነው፤ ከአህያ፣ ከጀሪካን፣ ከቃሬዛ። «ሸክሙም ከፍታውም ያው ከሆነ፣ በየትኛውም መንገድ ብትወጡ ሽቅብ ለማንሳት የሚሠራው ሥራ እኩል ነው» ይላል።

በሽተኛ በቃሬዛ የሚሸከሙት የሰፈሩ ሰዎች አለቃ አያ አለሜ ይህን ከተማሪው ከሴት ልጃቸው ሰምተው ስቀዋል። «መምህር፣ አንድ ቀን ትከሻህን አውሰንና እኩል መሆኑን እናያለን» ይሉት ነበር።

ባለፈው ኅዳር ሚስቱ የትናየት ምጥ ላይ ሳለች ደም ይፈሳት ጀመር። መኪና የሚደርሰው ላይ ጤና ጣቢያው እስካለበት ብልባላ ድረስ ብቻ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ስምንት ሰዎች ቃሬዛውን ይዘው ደጁ ቆሙ።

«በዳገቱ እንውጣ» አሉ አያ አለሜ።

«ድንጋዩ ያንሸራትታል» አለ ደሳለ። « ግማሹ ጉልበታችሁ በከንቱ ይባክናል፤ እሷንም ያንገላታታል። በዙሪያው እንሂድ፤ ሥራው እንደሆነ እኩል ነው።»

«ጊዜውስ?»

«ትንሽ ይበልጣል።»

አያ አለሜ የትናየትን አዩ፤ ከዚያ ባሏን አዩ። ሚስቱ ናት። በዙሪያው ሄዱ።

በየመቶ እርምጃው ትከሻ እየተቀያየሩ ተሸከሟት። አንዴም አልተንገላታችም። ግማሽ መንገድ ላይ «ደረስን?» አለችው። «ልንደርስ ነው» አላት። ሌላ አልተናገረችም።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ነርሷ ጀውሀራ የየትናየትን አንገት ዳሰሰች።

«ስንት ሰዓት ተነሳችሁ?»

«ሦስት።»

ጀውሀራ የእጅ ሰዓቷን አየች። ለስድስት ሩብ ጉዳይ ነበር። ነጠላውን የትናየት ፊት ላይ ሳበችው። ፅንሱም አልተረፈም።

ከአርባዋ በኋላ ክፍል ሲገባ መጽሐፉ የሚቀጥለው ርዕስ ላይ ቆሞ ጠበቀው፤ ፓወር። ሥራው ለወሰደው ጊዜ ሲካፈል። «ሥራቸው እኩል ከሆነ፣ ፈጥኖ የጨረሰው ፓወሩ ይበልጣል» ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ።  

ቅዳሜ አያ አለሜ ዘንድ ሄደ።

«የእሷን ክብደት ያህል፣ ሃምሳ አምስት ኪሎ ድንጋይ ቃሬዛው ላይ ጭነን በዳገቱ እንውጣ። ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ማወቅ አለብኝ።»

«ለድንጋይ ቃሬዛ አላወጣም።»

«አያ አለሜ፣ አንዴ ብቻ።»

«አውቀህ ምን ልታደርገው ነው? እኔም እሺ ብዬ በዙሪያው ተሸክሜያታለሁ። ሂድ፣ ልጄ።»

ከዚያ ወዲህ ቃሬዛ በተጠራ ቁጥር ደሳለ ይመጣል። መጋቢት ላይ ጎረቤቱ ሔለን ምጥ ያዛት፤ እሷም ደም ፈሰሳት። ስለ መንገዱ የተከራከረ የለም። በዳገቱ ወጡ። ደሳለ ከፊት ተሸክሞ ሁለት ጊዜ ተንበረከከ። ጉልበቱ ተላጠ። ትከሻ መቀያየሪያው ሲደርስም ለሌላ አልለቀቀም።

ሔለን ሴት ልጅ ወለደች። ጀውሀራ ወጥታ ሁለቱም ደኅና ናቸው ስትል ሰዎቹ አማተቡ። አያ አለሜ ደሳለን ፈልገው ከጤና ጣቢያው ግንብ ሥር አገኙት። ስልኩን ያያል።

«ተረፈች እኮ» አሉት።

«በዳገቱ አንድ ሰዓት ከዐሥር ደቂቃ» አለ ደሳለ።

አያ አለሜ አጠገቡ ተቀመጡ። ስልኩን ከእጁ ወስደው ኪሳቸው ከተቱት።