አክስቴ በመልስ ላይ የሚሰጡት ስጦታ

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰበታም ይሁን ቡራዩ ከዘመድ መልስ አይቀሩም ነበር። ሌላው ወርቅና ጋቢ ሲሰጥ እርሳቸው ሙሽሪትን በኦሮምኛ «ኮቱ!»፣ ነይ፣ ብለው ጓዳ ያስገቡና የፎሊክ አሲድ ክኒን ያስጨብጧታል።

«ኧረ አክስቴ፣ ገና መች አረገዝኩ!»

«ለዚህ እኮ ነው! የልጅ አከርካሪ የሚሠራው እናቲቱ ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ ነው። ከዛሬ ጀምሪ።»

የበኩር ልጃቸው አከርካሪው ሳይገጥም ተወልዶ አልቆየላቸውም። እንደርሳቸው የራሱን ሐዘን ለሌላው መከታ ያደረገ ሰው አላየሁም።

ባለፈው እሑድ ሱሉልታ እናታችን ቤት የታናሽ እህቴ መልስ ነበር። ስጦታው ሁሉ ተሰጥቶ ሲያበቃ፣ ማንም «ኮቱ» ሳይላት ተነሥታ ጓዳ ገባች። ተከትያት ስገባ፣ ብቻዋን መዳፏን ዘርግታ ቆማለች።